ጧሪና ቀባሪ፤ ከተሞች አረጋውያንን ለማስጦር ስለ ገቡት ውል



በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው ሲቸገር «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ይላል። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ የሚነገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እድራችን ግን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ የያዘው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ አስከሬኑም በክብር ይሸኛል። ከጡሩምባው በፊት ስላሉት ዓመታት ግን መተዳደሪያ ደንባችን አንድም አንቀጽ የለውም።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል ተነሥተው፣ ብቻቸውን ለቀሩ አረጋውያን አባሎቻችን በቀን አንድ ጊዜ ምግብ የሚያደርስና ደኅንነታቸውን የሚያይ ሰው ወይም ድርጅት በውል እንቅጠር ሲሉ ሐሳብ ማቅረባቸው ይታወሳል። ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ወዲያውም ከወደ ኋላ «እንግዲያው ጨረታ ይውጣና ዋጋ ለቀነሰው ይሰጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጉዳዩ ለዘንድሮው ጉባኤ ተቀጥሯል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው «ዋጋ ለቀነሰው» የሚለው አነጋገር ነው። በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ ከተሞች አሉ። ምን እንዳገኛቸው ማወቁ ለውሳኔያችን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. ድሆችን በኮንትራት

በእንግሊዝ አገር በ1601 በወጣው የድሆች ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪው ግብር እየሰበሰበ የራሱን ሽማግሌ፣ በሽተኛና አካለ ስንኩል የመርዳት ግዴታ ነበረበት። ገንዘቡን የሚያድሉት ከነዋሪው መካከል በየዓመቱ የሚሾሙ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ በእኛ አነጋገር የእድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ እንደ ማለት ነው። ወጪው እየከበደ፣ ግብር ከፋዩም እያጉረመረመ ሲሄድ በ1723 ሌላ ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ አጥቢያው ቤት ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ድሆቹን በአንድነት እንዲያኖር፣ ከፈለገም ከአንድ ተቋራጭ ጋር ተዋውሎ እንዲያስረክባቸው ፈቀደ። እዚያ ቤት አልገባም ያለ ሰው እርዳታ ሊከለከል ይችል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተቋራጩ በነፍስ ወከፍ ወይም በጅምላ የተወሰነ ሂሳብ ይቀበላል። ከዚያ ላይ ያበላል፣ ያለብሳል፣ የተረፈው የራሱ ነው። እንግዲህ ሰውየው ክፉ ባይሆን እንኳ ውሉ ክፉ እንዲሆን ይገፋፋዋል፤ ምክንያቱም ከሽማግሌው ሳህን ላይ የተቀነሰችው ቁራሽ በቀጥታ ወደ ኪሱ ትገባለች። በለንደን ከተማ መካከል የነበሩ ትንንሽ አጥቢያዎች ደግሞ ቦታ ስላልነበራቸው ድሆቻቸውን ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ ሆክስተንና ማይል ኤንድ በሚባሉት ሰፈሮች ወደሚገኙ የግል ቤቶች ይልኩ ነበር። ከዓይን የራቀ ሽማግሌ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በ1782 ቶማስ ጊልበርት የተባሉ የፓርላማ አባል ባስወጡት ሕግ፣ ሕጉን ለመከተል የወደዱ አጥቢያዎች ድሆቻቸውን ለተቋራጭ ማስረከባቸውን እንዲተዉ ተደረገ። የድሆች ቤትም ለአቅመ ደካሞች፣ ለሽማግሌዎች፣ ለበሽተኞችና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ስለዚህ የኮንትራቱ ጉድለት የታወቀው ዛሬ አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈው ቆይቷል።

፪. የሰው ጨረታ

በሰሜን አሜሪካ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው ክፍልና በኒው ዮርክ ገጠር ከዚህ የባሰ ነገር ነበር። በብዙ ከተሞች ጧሪ ያጡ ሰዎች በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በስማቸው እየተጠሩ በሐራጅ ይቀርቡ ነበር። ሐራጁ እንደ በሬ ወይም እንደ ቤት ሐራጅ ወደ ላይ የሚጨምር ሳይሆን ወደ ታች የሚቀንስ ነው፤ ይኸውም «ይህችን አሮጊት ለአንድ ዓመት ለማኖር ከከተማው ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ ማነው?» እንደ ማለት ነው። ያሸነፈው ገበሬ አሮጊቷን ይዟት ይሄዳል። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ቤት።

በ1824 የኒው ዮርክ ስቴት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጆን ቫን ነስ ዬትስ ስለ ድሆች አያያዝ ለምክር ቤቱ ሪፖርት አቀረቡ። በዚህ መንገድ የተሰጡ ሰዎች በብዙ ቦታ ጭካኔ እንደሚፈጸምባቸው በሪፖርቱ ገለጹ። በዚያው ዓመት በየአውራጃው የድሆች ቤት እንዲሠራ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። የድሆች ቤቱም ቢሆን ገነት አልነበረም። ወደ ኋላማ ከማንም ይልቅ የሽማግሌዎች መጣያ እየሆነ ሄደ። ስዊድንም እንዲሁ ያለ ጨረታ ነበራት፤ በሕግ የከለከለችው በ1918 ነው።

በ1935 የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ፣ በመንግሥት የድሆች ቤት ለሚኖር ሰው የፌዴራል የእርጅና ድጎማ እንዳይከፈል ተደነገገ። ዓላማው የድሆችን ቤት ማዘጋት ነበር። ሆኖም ማረፊያ የሌላቸው አረጋውያን ድጎማቸውን ይዘው የገቡት ወደ ግል ማደሪያ ቤቶች ነው። በአሜሪካ ዛሬ የምናየው የግል የአረጋውያን መጦሪያ ንግድ አንዱ ሥሩ ይኸው ነው።

፫. ወሬ ፈላጊዎቹ ሽማግሌዎች

በ1943 በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል የተከፈተው የዊልያም ሆድሰን ማዕከል የተለየ አመጣጥ አለው። የከተማው የድጎማ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ አረጋውያኑ ጉዳያቸው ካለቀ በኋላም ሰበብ እየፈለጉ ይመላለሳሉ። የቸገራቸው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የሚያጫውታቸው ሰው ነበር እንጂ። በመሆኑም ከተማው መዋያ ቦታ ከፈተላቸው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የአረጋውያን መዋያ ይህ ነው።

በጁላይ 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የአረጋውያንን ሕግ ፈረሙ። በ1972 የምግብ አገልግሎት ተጨመረበት፤ በ1973 ደግሞ በየአካባቢው የአረጋውያን ጉዳይ የሚመራ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ተደረገ። ይህ መሥሪያ ቤት በደንቡ መሠረት ራሱ ወጥ አይሠራም፤ ሌላ አቅራቢ ካልጠፋ በቀር አገልግሎቱን የሚገዛው በአካባቢው ካሉ ድርጅቶች ነው። በኒው ዮርክ ይህን ሥራ የያዘው የከተማው የአረጋውያን መምሪያ ሲሆን፣ የሚዋዋለውም በአብዛኛው ለትርፍ ካልቆሙ የሰፈር ድርጅቶች ጋር ነው። ጥያቄ ያወጣል፣ ድርጅቶች ዕቅዳቸውንና በጀታቸውን ያቀርባሉ፣ የሚመረጡትም በዋጋ ብቻ ሳይሆን በልምዳቸውና በዕቅዳቸው ተመዝነው ነው።

ይህም ከችግር አልዳነም። ውሉ በከተማው ተቆጣጣሪ ካልተመዘገበ ገንዘብ አይከፈልም፤ ምዝገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ሽማግሌው ግን ውሉ እስኪመዘገብ ምሳውን አይጾምም። ስለዚህ ትንንሾቹ ድርጅቶች እየተበደሩ ያበላሉ። በዚህ መካከል የሚዳከመው ሰፈሩን የሚያውቀው ትንሹ ድርጅት ነው።

፬. ቤት ሸጦ በቤት መከራየት

በብሪታንያ በ1990 የወጣውና በ1993 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ማዘጋጃ ቤቶችን ከአገልጋይነት ወደ ገዢነት አዞራቸው። ለሽግግሩ ከመንግሥት ከተሰጠው ገንዘብ ውስጥ ከማኅበራዊ ዋስትና በጀት ከተዛወረው 85 በመቶው ከማዘጋጃ ቤት ውጭ ባሉ ድርጅቶች ላይ እንዲውል ግዴታ ነበር። ንግዱ አደገ፤ ትላልቅ ኩባንያዎች መጡ።

ከእነርሱ ትልቁ ሳውዘርን ክሮስ 750 ገደማ መጦሪያ ቤቶችና 31,000 ያህል ነዋሪዎች ነበሩት። ኩባንያው የሚሠራባቸው ሕንፃዎች በአብዛኛው ለሌሎች ተሸጠው መልሰው የተከራዩ ነበሩ። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ በጀት ሲያጥራቸው ክፍያውን ያዙ፣ የሚልኩትንም ሰው ቀነሱ። በ2011 ኩባንያው ወደቀ። ቤቶቹ በችኮላ ለሌሎች ተዛወሩ። አረጋውያኑ ሜዳ ላይ ባይወድቁም፣ ነገ የት እንደሚያድሩ ሳያውቁ የከረሙት ወራት ቀላል አይደሉም። ከዚህ በኋላ በ2014 የወጣው ሕግ፣ አገልግሎት ሰጪ ሲወድቅ ማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎቹን እንክብካቤ ሳያቋርጥ እንዲያስቀጥል ግዴታ ጣለበት።

በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን የሚረዱ ሠራተኞችም ነገር አለ። አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች አገልግሎቱን በደቂቃ ይገዙ ስለነበር የ15 ደቂቃ ጉብኝት የተለመደ ሆነ። በ15 ደቂቃ ውስጥ አንድን ሽማግሌ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶና አጉርሶ መውጣት ይቻላል? ጨዋታውስ?

፭. እኛስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የድንኳን ሸራችንን ዋጋ ለቀነሰው ነጋዴ ሰጥተን፣ በመጀመሪያው ክረምት ለቀስተኛው ላይ ማንጠባጠቡን የረሳን አይመስለኝም። ሸራ ሲያፈስ ሁላችንም እናየዋለን። ቤቱን ዘግቶ የተኛ ሽማግሌ ሲራብ ግን የሚያየው የለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ውል አንግባ አልልም። አቅም ያለው ልጅ ሩቅ አገር በሄደበት፣ ጎረቤትም ከሥራ ሲመለስ በሚመሽበት በዚህ ዘመን በፈቃደኝነት ብቻ የሚዘለቅ አይደለም። ውል ከገባን ግን ከላይ ካየነው ታሪክ አምስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ የምንገዛው ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይጻፍ፤ ስንት ምሳ፣ ስንት ሰዓት፣ አብሮ ቁጭ ብሎ መጫወትም ተቆጥሮ። ሁለተኛ፣ ዋጋ ይታይ፤ ብቻውን ግን አይወስን። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ከሚያቀርበው ሪፖርት ሌላ፣ ከእኛ የተመረጡ ሁለት ሰዎች ሳይነግሩ ቤት ለቤት እየሄዱ አረጋውያኑን ራሳቸውን ይጠይቁ። አራተኛ፣ ክፍያው በቀኑ ይከፈል፤ እኛ ያዘገየነው ብር ከሽማግሌው ምሳ ላይ ይቀነሳልና። አምስተኛ፣ የቀጠርነው ሰው ቢታመም ወይም ትቶ ቢሄድ በማግስቱ ማን እንደሚተካው አስቀድሞ ይታወቅ።

እነዚህን ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልገንም። ለቀስተኛ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ በቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ስንት እንደሚቀጣ በዝርዝር የጻፍን ሰዎች ነን። ያንኑ ጥንቃቄ በሕይወት ላሉትም እናውለው።

በጉባኤው ዕለት ድምፅ ስንሰጥ፣ እያንዳንዳችን የምንዋዋለው ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሳችን እርጅና መሆኑን እያሰብን እንዲሆን በትሕትና አሳስባለሁ።