ወተት ያዘዙ ሐኪሞች

ሐኪሞቹ በማዘዣ ወረቀት ላይ የጻፉት እንክብል ወይም ሽሮፕ አልነበረም። ወተት፣ አትክልት፣ ሥጋና ፍራፍሬ ነበር። እናቶች ወረቀቱን ይዘው ወደ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ ሂሳቡን ለክሊኒኩ ላከ፤ ክሊኒኩም ከመድኃኒት በጀቱ ከፈለ።

ይህ የሆነው በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ማውንድ ባዩ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋን በ1887 የቆረቆሯት ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ናቸው። በአካባቢው ጥጥ መልቀሚያ ማሽን ሲገባ ጥቁር ጭሰኞች ሥራ አጡ። ሥራ ሲጠፋ እህል ጠፋ፤ ሕፃናት በረሃብ መጫጨት ጀመሩ።

የክሊኒኩ ሐሳብ የተቀዳው ከአፍሪካ ነው። ጃክ ጋይገር የተባለ የሕክምና ተማሪ በ1957 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ሲድኒ እና ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በፖሌላ ገጠር የጀመሩትን የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ አየ። እዚያ ሐኪም በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ውኃውን፣ ማሳውንና ጓዳውንም ይመረምር ነበር። ጋይገር ከባልደረባው ካውንት ጊብሰን ጋር፣ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ በኩልና በፌዴራል መንግሥቱ የፀረ ድህነት ገንዘብ፣ በ1965 በቦስተን የመጀመሪያውን ጣቢያ ከፈተ። የማውንድ ባዩ ጣቢያ በ1967 ተከተለ።

እዚያ ጆን ሃች የተባለ የማኅበረሰብ አደራጅ ነዋሪውን ሰብስቦ «ምን ያስፈልጋችኋል?» የሚል ጥያቄ አቀረበ። ሕዝቡ ያስቀደመው ሕክምናን አልነበረም፤ ምግብ፣ ሥራና ንጹሕ ውኃ ነበር። ስለዚህ ክሊኒኩ የውኃ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ መጸዳጃ ቤት አሠራ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በጥጥ ፋንታ አትክልት የሚያመርት የእርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ።

የምግቡ ማዘዣ ግን ባለሥልጣናትን አስቆጣ። የፋርማሲ ገንዘብ ለመድኃኒት ብቻ ነው ተባለ። የጋይገር መልስ አጭር ነበር፦ በሕክምና መጽሐፍ ለረሃብ የተጻፈው መድኃኒት ምግብ ነው።

የክሊኒኩን እድገት በሕንፃው መለካት ይቻላል። እውነተኛው መለኪያ ግን ኤል ሲ ዶርሲ ናት። ከጭሰኛ ቤተሰብ የተወለደችው ዶርሲ ያንን የእርሻ ማኅበር መራች፣ ተምራ ዶክትሬት ያዘች፣ ኋላም ተመልሳ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆነች። ታካሚ ተብሎ የተመዘገበው መንደር የጣቢያው ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ከእነዚህ ሁለት ጣቢያዎች የተወለደው የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች መረብ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያገለግላል። ሐሳቡ ግን ከአፍሪካ ገጠር የሄደ ነው። አዲስ ጤና ጣቢያ በተመረቀ ቁጥር ሪባን ከመቁረጥ በፊት መቅረብ ያለበት ጥያቄም ያው የሃች ጥያቄ ነው፦ ነዋሪውን «ምን ያስፈልጋችኋል?» ያለው ማን ነው?