የሰኞ ሕመም

በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች፣ ሰኞ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የከበደች ነበረች። በእሑድ ዕረፍቱ ደኅና የሰነበተው ሠራተኛ ወደ ማባዘቻው ክፍል ተመልሶ ጥቂት ሰዓታት እንደቆየ ደረቱ ይታፈናል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ማክሰኞ ቀለል ይለዋል። ከዓመታት በኋላ ግን ጭንቀቱ ሌሎቹንም ቀናት ይወርሳል፤ በመጨረሻም ዕረፍት የማይመልሰው የሳንባ ጉዳት ይሆናል።

ሠራተኞቹ ይህን ከሐኪሞች አስቀድመው ያውቁት ነበር። በቤልጅየም የጌንት ከተማ ፈታዮች የሰኞውን ምሬት ለመርማሪዎች የተናገሩት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ለሕመሙ ቢሲኖሲስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1877 የሰጠው ፈረንሳዊው ሐኪም አድሪየን ፕሩስት፣ የዝነኛው ደራሲ የማርሴል ፕሩስት አባት ነው። ስሙ የመጣው ቢሶስ ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ቀጭን የተልባ እግር የሚለው ጨርቅ መሆኑ ነው፤ የነገሥታት ልብስ ስሙን ለድኾች ደዌ ማዋሱ የሚገርም ነው።

ሕክምናው ታዲያ ለምን ዘገየ? ቢሲኖሲስ በራጅ ፊልም ላይ የራሱ የሆነ ምልክት የለውም። ሲጠናም ከተራ ብሮንካይተስ አይለይም፤ ጭስ በበዛባቸው የላንክሻየር ከተሞች ደግሞ ብሮንካይተስ ያልያዘው ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው የካሣ ሥርዓትም ለማግኘት የሚቻለው በአቧራማው ክፍል ሃያ ዓመት ለሠራና ጨርሶ ከሥራ ውጭ ለሆነ ወንድ ብቻ ነበር። ካሣው የሚደርሰው ሰውዬው ካለቀለት በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ሪቻርድ ሺሊንግ (1911–1997) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን ሲጀምር ብዙዎች ሕመሙ ያለፈ ታሪክ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ወደ ፋብሪካው ወርዶ ሠራተኛውን ጠየቀ፤ ደረትህ የሚጨነቀው በየትኛው ቀን ነው? መልሱንም በደረጃ ከፈለው፤ አልፎ አልፎ በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ዘወትር በመጀመሪያው ቀን፣ በሌሎቹም ቀናት፣ በመጨረሻም ዘላቂ ጉዳት። የሠራተኛው ምሬት በዚህ መንገድ የሚቆጠርና የሚነጻጸር ማስረጃ ሆነ። ከአስም መለያውም ይኸው ነው፤ ከሥራ የመጣ አስም አብዛኛውን ጊዜ ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ሲብስ፣ ቢሲኖሲስ ግን ሰኞ ከፍቶ ይረግባል። ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ1960 በለንደን የንጽሕና አጠባበቅና የሐሩር አገሮች ሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ።

ዘዴው አንድ ወጥመድ አለበት። በፋብሪካው የሚገኙት የቻሉት ብቻ ናቸው፤ የታመሙት ሥራውን ትተው ሄደዋል። ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል ብሎ ማሰብ ይገባል።

የላንክሻየር ፋብሪካዎች ሲዘጉ ጥጡም ብናኙም ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። በሱዳን የጥጥ መዳመጫዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሟል። በኢትዮጵያም፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት 595 የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመርምረው፣ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል 43.2 በመቶ፣ በማባዘቻው ክፍል 37.5 በመቶ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ ተገኝቶባቸዋል። ሥራውን ትተው የሄዱት ከነዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም።