የፒክአፕ መኪና ካታሊቲክ ኮንቨርተርና የኦክስጅን ሴንሰር

ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከሞተር የሚወጣውን መርዛማ ጭስ በኬሚካላዊ ለውጥ ጉዳቱ ወደቀነሰ ጋዝ የሚቀይር መሣሪያ ነው። የሚገጠመውም በሞተሩና በማርሚታው መካከል፣ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ነው። የኦክስጅን ሴንሰር (ላምዳ ሴንሰር) ደግሞ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ለሞተሩ ኮምፒውተር ያስታውቃል። ሁለቱ እንደ አንድ ሥርዓት ስለሚሠሩ አንዱ ሲበላሽ ወይም ሲነሳ የሌላው ሥራ ይዛባል። ይህ መጣጥፍ በዋናነት ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡ የቆዩ የቤንዚን ፒክአፖችን ይመለከታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራር

ኮንቨርተሩ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ማርሚታ ይመስላል። በብረት ቅርፊቱ ውስጥ ግን እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ የሴራሚክ አካል አለ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም በስሱ ተቀብቷል። እነዚህ ብረቶች ራሳቸው ሳያልቁ የኬሚካል ለውጥን ያፋጥናሉ። «ባለ ሦስት መንገድ» የሚባለው ኮንቨርተር የሚከተሉትን ሥራዎች በአንድ ጊዜ ያከናውናል፦

- ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤
- ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅን ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤
- የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመልሳል።

መሣሪያው በሚገባ መሥራት የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲሞቅ ነው። ሦስቱም ሥራዎች አብረው የሚሳኩት ደግሞ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ሲቀርብ ብቻ ነው። ይህን ልኬት መጠበቅ የሚቻለው በኦክስጅን ሴንሰሩ አማካይነት ነው።

የተለመደው ሴንሰር ከዚርኮኒየም ዳይኦክሳይድ የተሠራ ነው። አንዱ ገጽታው ጭሱን፣ ሌላው ደግሞ የውጭውን አየር ይነካል። በሁለቱ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ነዳጅ ሲበዛ ቮልቴጁ ወደ 0.9 ይጠጋል፤ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ የሚረጨውን ነዳጅ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ስለዚህ በጤናማ ሞተር ላይ የፊተኛው ሴንሰር ንባብ ሳያቋርጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ሴንሰሩም ለመሥራት ሙቀት ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰሮች የሚሞቁት በጭሱ ብቻ ነበር፤ በኋላ የመጡት ባለ ሦስትና ባለ አራት ሽቦዎቹ የራሳቸው ማሞቂያ አላቸው።

ታሪክ

የመኪና ጭስን በካታሊስት የማጽዳት ሐሳብን በ1950ዎቹ በአሜሪካ ያራመደው ፈረንሳይ የተወለደው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። በዘመኑ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ግን ካታሊስቱን እየሸፈነ ከጥቅም ውጭ ያደርገው ስለነበር መሣሪያው ሊስፋፋ አልቻለም።

በ1970 በአሜሪካ የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ ገደቡን አጠበቀ። በዚህም ምክንያት ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ኮንቨርተር ተገጠመላቸው፤ እርሳስ የሌለው ቤንዚንም አብሮ ገበያ ላይ ዋለ። ፒክአፖች ግን የተለየ መንገድ ነበራቸው። ከነጭነታቸው ከ6,000 ፓውንድ (2,722 ኪሎ ግራም) በላይ የሚመዝኑት ጥብቁ ደንብ አይመለከታቸውም ነበር። ፎርድ በ1975 ያቀረበው ኤፍ-150 ከዚህ ገደብ ትንሽ ከፍ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው። በ1979 ገደቡ ወደ 8,500 ፓውንድ (3,856 ኪሎ ግራም) ከፍ በማለቱ ይህ ክፍተት ጠበበ።

የኦክስጅን ሴንሰርን ለገበያ ያበቃው የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1976 በመጀመሪያ የተገጠመው ወደ አሜሪካ በሚላኩ የቮልቮ መኪናዎች ላይ ነበር። በ1980ዎቹ ካርቡሬተር በነዳጅ መርጫ እየተተካ ሲሄድ ሴንሰሩ ወደ ፒክአፖችም ተስፋፋ።

ከ1996 በፊትና በኋላ

የአሜሪካ ፒክአፖች ከጭስ ቁጥጥር አንጻር በሁለት ይከፈላሉ። ከ1996 በፊት የተሠሩት በአብዛኛው ከኮንቨርተሩ በፊት ብቻ ሴንሰር አላቸው። ኮንቨርተሩ ቢሞትም ቢነሳም ኮምፒውተሩ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ኦቢዲ-2 የተባለው የራስ ምርመራ ሥርዓት በቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ ግዴታ ሆነ። በዚህም ከኮንቨርተሩ በኋላ ሌላ ሴንሰር ተጨመረ። የኋለኛው ሴንሰር ዋና ሥራ የኮንቨርተሩን ብቃት መቆጣጠር ነው። ኮንቨርተሩ ጤናማ ከሆነ የኋለኛው ንባብ የረጋ ይሆናል። እንደ ፊተኛው የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ያበራና ፒ-0420 የሚባለውን ኮድ ይመዘግባል።

የብልሽት ምክንያቶች

ኮንቨርተር በራሱ እርጅና ሊደክም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሌላ ቦታ በመጣ ችግር ይጎዳል። ካንዴላ ወይም ቦቢና ተበላሽቶ አንድ ሲሊንደር ነዳጁን ሳያቃጥል ሲቀር፣ ነዳጁ ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ሙቀቱም ሴራሚኩን አቅልጦ ቀዳዳዎቹን ሊደፍን ይችላል። ዘይት የሚያቃጥል ሞተርም ካታሊስቱን ቀስ በቀስ ይሸፍነዋል።

ሴንሰሩም ሊያሳስት ይችላል። ከሴንሰሩ ፊት ያለው ቱቦ ወይም ማኒፎልድ ሲሰነጠቅ የውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ይህን «አየር በዝቷል» ብሎ ያስተላልፋል፤ ኮምፒውተሩም ያለአግባብ ነዳጅ ይጨምራል። ስለዚህ የፒ-0420 ኮድ መታየት ብቻውን ኮንቨርተሩ ለመሞቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

የተደፈነ ኮንቨርተር መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት እንዲያጣ ያደርጋል። መደፈኑን ለመለየት የፊተኛው ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጠማል። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሽከረከር ግፊቱ ከ20 ኪሎ ፓስካል ያህል በላይ ከሆነ የጭሱ መውጫ እንደታፈነ ይቆጠራል።

ማንሳትና መዘዙ

አንዳንድ ባለቤቶች ጉልበት ለመጨመር ወይም የአዲስ ኮንቨርተር ወጪ ለማስቀረት መሣሪያውን አስወግደው ባዶ ቱቦ ያስገጥማሉ። የተደፈነ ኮንቨርተር ሲነሳ መኪናው ጉልበቱን ያገኛል፤ ኮንቨርተሩን የደፈነው የሞተር ችግር ግን እንዳለ ይቀራል። ጤናማውን ማንሳት ደግሞ በመደበኛ ሞተር ላይ የሚጨምረው ጉልበት አነስተኛ ነው። የኋለኛውን ሴንሰር ከጭሱ በማራቅ መብራቱን ማጥፋት ጭሱን አያጸዳም፤ ምርመራውን ብቻ ያሳውራል።

ዋናው አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይመርዛል። ኮንቨርተር በሌለው መኪና ጭስ ውስጥ መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ቆርጦ በመበየድ የተሠራ ቱቦም ሊያፈስ ይችላል። በፒክአፕ ላይ ሥጋቱ የሚጎላው ሰው በተሸፈነው የጭነት ክፍል ሲጓዝ ነው። በ1992 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ የተመረዙ 20 ልጆችን ጉዳይ አቅርቧል። አብዛኞቹ የተቀመጡት በተዘጋ ጠንካራ ሽፋን ሥር ነበር።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጋራዦች ኮንቨርተር እንዳያነሱ የተከለከሉ ሲሆን፣ የ1990ው ማሻሻያ ክልከላውን በማንኛውም ሰው ላይ አጽንቷል። የመኪናው ማርጀት ከሕጉ ነጻ አያወጣም።

ስርቆት

በ2021 የአንድ አውንስ ሮዲየም ዋጋ ከ25,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ በመድረሱ የኮንቨርተር ስርቆት ተስፋፋ። ፒክአፖች ከመሬት ከፍ ያሉ በመሆናቸው ሌባው ያለ ክሪክ ከሥር ገብቶ በመጋዝ ሊቆርጥ ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ በድንገት ከፍተኛ ድምፅ ማሰማቱ የስርቆቱ የመጀመሪያ ምልክት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሚታዩ ብዙ አሮጌ ፒክአፖች የናፍጣ በመሆናቸው ከላይ የተገለጸው የቤንዚን ሥርዓት የላቸውም። በቤንዚን መኪናዎች ላይ ግን ከፍታ የራሱ ተጽዕኖ አለው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ነዳጅ ያበዛል። ሴንሰር ያለው መኪና ይህን ልዩነት በራሱ ያርማል። እርሳስ ያለው ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ በመቋረጡ፣ ካታሊስቱን ይመርዝ የነበረው ዋነኛ ምክንያት ተወግዷል።