ርቀትና ዝምታ፦ አንጎልን አርአያ ያደረጉ ሰርኪዩቶች ኃይል የሚቆጥቡት በምንድን ነው?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ያቀረቡት የኃይል ስሌት የዘመናዊውን ኮምፒውተር ሕመም በጥቂት ቁጥሮች ያሳያል። በ45 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ በተሠራ ቺፕ ውስጥ ሁለት ባለ32 ቢት ሙሉ ቁጥሮችን መደመር 0.1 ፒኮጁል ገደማ ይፈጃል። ከቺፑ ውጭ ካለው ዋና ሜሞሪ 64 ቢት ዳታ ማምጣት ግን ከ1,300 እስከ 2,600 ፒኮጁል ይወስዳል። ኃይሉን የሚበላው ምልልሱ እንጂ ስሌቱ አይደለም። ፕሮሰሰርንና ሜሞሪን ለየብቻ የሚያስቀምጠው፣ በጆን ፎን ኖይማን ስም የሚጠራው የ1945ቱ አወቃቀር ይህን ዕዳ ይዞ ነው የተወለደው። ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ፍጆታውም አብሮ በሚቀንስበት ዘመን ዕዳው ጎልቶ አልታየም፤ ያ ዘመን በ2005 አካባቢ አበቃ።

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ይዞ በ20 ዋት አካባቢ ይሠራል። በፍጥነት የሚያህለው አጥቶ አይደለም፤ የአንድ ሕዋስ የኤሌክትሪክ ምት አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል፣ ይህም ለትራንዚስተር እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። ቁጠባው የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሁለት ሕዋሳት የሚገናኙበት ሲናፕስ ትውስታውን የሚይዘውም፣ ምልክቱን የሚመዝነውም እዚያው ነው። ከዚያ በተጨማሪ አብዛኞቹ ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ፒተር ሌኒ በ2003 ባሳተሙት ስሌት መሠረት የአንጎል ቅርፊት የሚያገኘው ኃይል ለአንድ ሕዋስ በአማካይ በሰከንድ አንድ ምት እንኳ አይበቃም።

ይህን የአንጎል አሠራር በሰርኪዩት ለመቅዳት የሚጥረውን፣ ኒውሮሞርፊክ የሚባለውን ዘርፍ የመሠረቱት የካልቴኩ ካርቨር ሚድ የተነሡት ከአንድ ድንቅ ትዝብት ነው። ትራንዚስተር ከመክፈቻ ቮልቴጁ በታች ሲሆን የሚያሳልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ከቮልቴጁ ጋር በኤክስፖነንሻል ያድጋል፤ የነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉት የአዮን መተላለፊያዎችም ባሕርያቸው ተመሳሳይ ነው። ሚድ ሌላው መሐንዲስ እንደ ብክነት የሚቆጥረውን ይህን ፍሰት ለሥራ አዋሉት፤ ከሚሻ ማሆዋልድ ጋርም የሲሊከን ሬቲና ሠሩ። ችግሩ፣ በዚያ ክልል ውስጥ በትራንዚስተሮች መካከል ያለች ጥቃቅን የአመራረት ልዩነት እጅግ ትጎላለች። በኋላ የመጡት ትልልቅ ቺፖች ወደ ዲጂታል ያዘነበሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ አንዱን፣ አይቢኤም በ2014 ያስተዋወቀውን ትሩኖርዝን ቀረብ ብለን እንየው። ቺፑ 4,096 ማዕከሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ማዕከል 256 የገቢ መስመሮች ከ256 ሰው ሠራሽ ሕዋሳት ጋር ይሻገራሉ፤ በየመስቀለኛው ላይ ግንኙነት መኖር አለመኖሩ እዚያው ተመዝግቧል። ማዕከሉ በየሚሊሰከንዱ ሕዋሳቱን በተራ ይቃኛል፤ ምት በደረሰበትና ግንኙነት ባለበት መስመር ላይ ብቻ ይደምራል። ድምሩ ከገደቡ ያለፈ ሕዋስ አንድ ምት ይልካል። ከማዕከል ወደ ማዕከል የሚጓዘው ይኸው ምት ብቻ ነው። በዚህ አሠራር 5.4 ቢሊዮን ትራንዚስተር የያዘ ቺፕ በ70 ሚሊዋት ገደማ ሠርቷል።

ታዲያ ቁጠባውን ያመጣው ምቱ ነው ወይስ የሜሞሪው ቅርበት? በዳርመንድራ ሞዳ የሚመራው ያው የአይቢኤም ቡድን በ2023 ይፋ ያደረገው ኖርዝፖል ጥያቄውን ቁልጭ አድርጎ ያቀርበዋል። ኖርዝፖል ምት አይልክም፤ የተለመደውን የኒውራል ኔትዎርክ ስሌት ነው የሚሠራው። ይሁንና ሜሞሪው በሙሉ ቺፑ ውስጥ ከማስሊያው ጎን ተሰድሯል። በሬስኔት-50 የምስል መለያ ሙከራ፣ በተመሳሳይ የ12 ናኖሜትር ትውልድ ከተሠራ ግራፊክስ ፕሮሰሰር ጋር ሲነጻጸር በአንድ ጁል 25 እጥፍ ምስል አስተናግዷል። በእኔ እምነት ይህ ውጤት ዘርፉ ራሱን እንዲመረምር ያስገድደዋል፦ የአንጎልን መልክ መቅዳት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የቅርበቱም ዋጋ አለ፤ ቺፑ ውስጥ የማይገባ ትልቅ ሞዴል ለብዙ ቺፖች መከፋፈል አለበት።

ምት ዋጋውን የሚያገኘው መረጃው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ሲል ነው። በዙሪክ ተሠርቶ በ2008 የታተመው የክስተት ካሜራ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ያረፈበትን ብርሃን ቀድሞ ከያዘው መጠን ጋር ያነጻጽራል፤ ለውጡ ከገደቡ ካለፈ ብቻ አድራሻውን ይልካል። ባዶ ግቢ የሚጠብቅ ተራ ካሜራ ያንኑ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ይልካል፤ ይሄኛው ከጥቂት የተሳሳቱ ምልክቶች በቀር የሚልከው የለውም። ከጀርባው በምት የሚሠራ ቺፕ ቢሆን ሁለቱ ይገጥማሉ። በአንጻሩ ሁሉም ቁጥር ዘወትር በሚለዋወጥበት ሥራ ምት ትርፍ ሸክም ነው።

ቁጥርን በኤሌክትሪክ መቋቋም መጠናቸው የሚይዙ የሜምሪስተር መረቦች የሜሞሪውንና የስሌቱን ቅርበት እስከ መጨረሻው ይወስዱታል፦ በኦም ሕግ ያባዛሉ፣ በኪርኾፍ ሕግ ይደምራሉ፣ ቁጥሩ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። በዳር ያሉት የአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያዎች ግን ከቁጠባው ብዙውን ሊበሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ የመረቡን ፍጆታ ብቻ ነጥሎ የሚያቀርብ ሪፖርት አንባቢን ያሳስታል። ሥልጠናም ከሒሳቡ መውጣት የለበትም። የኢንቴሉ ሎይሂ ሲናፕሶቹን በቺፑ ውስጥ ራሱ እንዲያስተካክል ሆኖ ተነድፏል፤ ብዙዎቹ በምት የሚሠሩ ኔትዎርኮች ግን ዛሬም የሚሠለጥኑት በግራፊክስ ፕሮሰሰር ላይ ነው፤ እዚያ የሚፈሰው ኃይልም ከቺፑ የፍጆታ ቁጥር ጋር አብሮ መቅረብ አለበት።