የሃርቢን የበረዶ ቀራጮች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ዛሬ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ወደ ሃርቢን ልውሰዳችሁ። የከተማው ብርድ የዋዛ አይደለም። በጃንዋሪ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የዘወትር ነው፤ ሲብስበት ከ30 በታች ይወርዳል። የሶንግሁዋ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ይጋገራል። ሌላው ሰው ከቤቱ መውጣት ሲጠላ፣ ጎህ ሳይቀድ መጋዝና ዶማ ይዘው ወንዙ ላይ የሚወጡ አሉ። ወሬዬ የእነሱ ነው።

የበረዶውን ጥበብ የጀመሩት ዓሣ አጥማጆች ናቸው ይባላል። ባልዲ ውኃ ሞልተው ደጅ ያሳድሩታል። ውኃው ከዳር ከዳር ይረጋል፤ መሐሉ ገና ሳይረጋ አናቱን በስተው ያፈሱታል። በቀረው ባዶ ቅርፊት ውስጥ ሻማ ያኖራሉ። በቃ፣ ነፋስ የማያጠፋው ፋኖስ ተሠራ! እ.ኤ.አ. በ1963 ከተማው ይህንኑ ፋኖስ አብዝቶ በጃኦሊን መናፈሻ ደርድሮ ሕዝብ ጠራ። የቻይና የባህል አብዮት የተባለው የፖለቲካ ማዕበል መጣና ትርኢቱ ተቋረጠ። ያ ዘመን ሲያልፍ ተመለሰ፤ በ1985 ዓመታዊ ፌስቲቫል ሆነ፤ በ1999 ደግሞ ግንቡም፣ ደረጃውም፣ በሩም በረዶ የሆነ ሰፊ የበረዶ መንደር ተከፈተ።

ያ ሁሉ በረዶ ታዲያ ከየት ይመጣል? ከወንዙ ነዋ! ዲሴምበር ላይ ሠራተኞቹ፣ ብዙዎቹ ከአካባቢው ገጠር ማሳቸውን አስከርመው የመጡ ገበሬዎች፣ በረዶውን በመስመር በመጋዝ ይቆርጡታል። እስከ ታች ድረስ ግን አይዘልቁትም። ከዚያ በብረት ዘንግ ሲመቱት ተገንጥሎ ይንሳፈፋል፤ በሜንጦ እየጎተቱ ያወጡታል። አንዱ የበረዶ ጡብ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። እግር ከተንሸራተተ ከሥር የሚጠብቀው ያው ወንዙ ነው።

ከዚህ በኋላ ተራው የቀራጩ ነው። ሲሚንቶ የለውም፤ ማጣበቂያው ውኃ ነው። በሁለት የበረዶ ጡቦች መሐል ያፈሰዋል፤ ወዲያው ይረጋና አንድ ያደርጋቸዋል። የቅርጹ ክንፍ ቢሰበር እንኳ በውኃ አርሶ መልሶ ይተክለዋል፤ ድንጋይ ቀራጭ ይህን ዕድል ከየት ያገኛል? በሌላ በኩል ግን በረዶ ብርሃን ያሳልፋል። ስስ ጭረት አይታይበትም። ስለዚህ ፊት ሲቀርጽ ዓይንና አፍንጫውን ከእውነተኛው ይልቅ አጥልቆ፣ አጉልቶ ይቆርጣል። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ በረዶው እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፤ መሮው በኃይል ካረፈበት ይሰነጠቃል። ጓንቱ ይረጥባል፣ ጣቱ ይደነዝዛል፣ እጁ ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። ይህን ትዕግሥት ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል። ጸደይ ሲገባ ያ ሁሉ ድካም ይቀልጣልና፤ በዓመቱ እንደገና ከወንዙ ይጀምራሉ።

ሙያው አሁን ባሕር ተሻግሯል። በየዓመቱ ከገና በፊት ወደ 40 የሚጠጉ የሃርቢን ቀራጮች ቡድን በአሜሪካ ወደሚገኙት የጌይሎርድ ሆቴሎች ይሄዳል። እዚያ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ በሚቀዘቅዝ አዳራሽ ውስጥ፣ ነጭ፣ ጥርት ያለና ባለቀለም በረዶ እየቀረጹ «አይስ» የተባለውን ትርኢት ለብዙ ሳምንታት ያዘጋጃሉ። ለአንዱ ትርኢት ብቻ ወደ 900 ቶን በረዶ ይፈጃል። ከእነዚህ ሆቴሎች አንዱ ሜሪላንድ፣ ናሽናል ሃርበር ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አጠገብ።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ በገና ሰሞን ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ የሚታደለውን ሰማያዊ ካፖርት ደርባችሁ ስትገቡ፣ ፎቶውን ከማንሳታችሁ በፊት ለልጆቹ ይህን ንገሩልኝ፦ ማሽን ብቻ አልሠራውም፤ ከሃርቢን የመጡ ሰዎች በእጃቸው በመሮ ነው የቀረጹት።