የጋብቻ ቀለበትና የአርበኛ ስንቅ

ጦርነት ያለ ገንዘብ አይሆንምና፣ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የገዛ ሕዝቧን «ወርቅ ለአገር» እያለች በየግድግዳው በሚለጠፍ ማስታወቂያ ትቀሰቅስ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ንግሥት ኤሌና በሮማ ከተማ የጋብቻ ቀለበታቸውን ሰጡ። እጅግ ብዙ ሴቶችም ተከትለው የወርቁን አውልቀው በብረት ቀለበት ለወጡ። ያ ሁሉ ወርቅ፣ አንባብያን ሆይ፣ እኛን ለመውጊያ ነበር።

በጎጃም ደጋ ግን፣ በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ አውራጃ፣ ለአርበኛው ስንቅ ያቀበለው ገበሬ የተለጠፈ ሥዕል አላየም። በሶው ከገዛ ጎተራው የወጣ ነው፤ ከተደረሰበትም ቤቱ ይቃጠል ነበር። ወረቀት የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አዋጅ በተኑ። ስንቁ ግን ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሲወጣ ኖሯል።