የአረቄ ኳስ (ጣፋጭ)

የአረቄ ኳስ ከተፈጨ ብስኩት ወይም ኬክ፣ ከካካዎ ወይም ከቸኮሌት፣ ከስኳርና ከጠንካራ መጠጥ ተለውሶ በእጅ እየተድቦለቦለ የሚሠራ ትንሽ ጣፋጭ ነው። ወደ ምድጃም ሆነ ወደ ፉርኖ አይገባም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት በየቤቱ ይዘጋጅና በሣጥን ተደርጎ ለዘመድና ለጎረቤት ይሰጣል። እንደ መጠጡ ዓይነት የሩም ኳስ፣ የቡርቦን ኳስ ወይም የአረቄ ኳስ ይባላል። በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ የለውም። ሆኖም ሳይጋገር በእጅ የሚጠቀለል ምግብ በጭብጦና በጭኮ መልክ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል።

ስም

«አረቄ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው መጠጡ ሲወጣ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ስለሚል ነው። ይኸው ቃል በንግድ መንገድ ወደ ብዙ አገሮች ተሰራጭቷል። በስዊድን «አራክስቦል» የሚባለው ጣፋጭ ስሙ ቃል በቃል የአረቄ ኳስ ማለት ነው። በውስጡ የሚገባው አረቄ ግን የኢትዮጵያው ዓይነት ሳይሆን በጃቫ ደሴት ከሸንኮራ አገዳና ከሩዝ የሚወጣ መጠጥ ነው። ወደ ስዊድን የገባውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በ1731 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው የስዊድን ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግድ ጋር ተያይዞ ነው።

ታሪክ

ጣፋጩ ሊፈጠር የቻለው ካካዎ በዱቄት መልክ ርካሽ ከሆነ በኋላ ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ካስፓሩስ ቫን ሃውተን የካካዎን ቅባት ከፍሬው ጨምቆ የሚለይ ዘዴ የባለቤትነት መብት አገኘ። ቅባቱ ሲወጣ የቀረው ደረቅ ክፍል ተፈጭቶ የካካዎ ዱቄት ሆነ። በ1847 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ፍራይ ኩባንያ የሚበላ ጠጣር ቸኮሌት ለገበያ አቀረበ።

በዴንማርክና በስዊድን ዳቦ ጋጋሪዎች ከቀን ሽያጭ የተረፈውን ኬክ ፈርፍረው ከካካዎና ከመጠጥ ጋር በማሸት ኳስ ያደርጉት ነበር። የመጠጡ ጠንካራ ሽታ የተለያዩ ኬኮችን ጣዕም አንድ ያደርጋል፤ ደረቅ ፍርፋሪውንም ያለሰልሳል። ስለዚህ ኳሱ መጀመሪያ የቁጠባ ምግብ ነበር ማለት ይቻላል።

በአሜሪካ የቡርቦን ኳስ ከኬንታኪ ግዛት ጋር ይያያዛል። በፍራንክፈርት ከተማ ሩት ሃንሊ እና ርብቃ ጉች የተባሉ ሁለት መምህራን በ1919 እ.ኤ.አ. የከረሜላ ንግድ ጀመሩ። ሩት ሃንሊ ቡ በ1938 እ.ኤ.አ. ከቡርቦን ውስኪ ጋር የተዋሐደ ቸኮሌት ሠርታ አወጣች። ይህ የሆነው በአሜሪካ መጠጥን የከለከለው ሕግ በ1933 እ.ኤ.አ. ከተነሣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

በጋይንትና በአካባቢው ያሉ ተመሳሳይ ምግቦች

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ገብስ የሚበቅልባቸው ደጋማ ቦታዎች አሏቸው። ከገብስ የሚሠራው በሶ ሳይጋገር ለሚበላ ምግብ ዋናው ምሳሌ ነው። ገብሱ ተፈትጎና ተቆልቶ ይፈጫል። ዱቄቱ አስቀድሞ የበሰለ በመሆኑ በውኃና በጨው ብቻ ታሽቶ ይበላል። በጭብጥ የሚያዘው ልውስ ጭብጦ ይባላል። በቅቤና በቅመም የታሸው ደግሞ ጭኮ ነው።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ በመሆን የታወቀች ናት። የዜማ ተማሪዎች ከሩቅ አገር እየተጓዙ ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። በሶ የቆሎ ተማሪ የመንገድ ስንቅ ሆኖ የኖረው ቀላልና የማይበላሽ ስለሆነ፣ እንዲሁም ማገዶ ስለማይጠይቅ ነው።

የአረቄ ኳስ የሚሠራበት መርሕ ከጭብጦ አይለይም። በሁለቱም ውስጥ አስቀድሞ የበሰለ ደረቅ ዱቄት፣ የሚያያይዝ ነገርና ጥቂት ፈሳሽ አሉ። በጭብጦ ውስጥ በሶው፣ በአረቄ ኳስ ውስጥ ደግሞ ብስኩቱ የበሰለው ክፍል ነው። ከዚህ የሚከተለው ዋና ደንብ ጥሬ ዱቄት በፍጹም እንዳይገባ ነው። ጥሬ የስንዴ ዱቄት እንደ ሳልሞኔላ ያሉ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። ኳሱ እሳት ስለማያገኘው አይሞቱም።

አስፈላጊ ነገሮች

ለ30 ኳስ ያህል የሚበቃ መጠን፦

250 ግራም ደረቅ ብስኩት
100 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ
100 ግራም የላመ ስኳር
30 ግራም የካካዎ ዱቄት
60 ሚሊ ሊትር (4 የሾርባ ማንኪያ) አረቄ፣ ሩም፣ ኮኛክ ወይም ኡዞ
60 ሚሊ ሊትር ማር
ለማልበሻ የካካዎ ዱቄት፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ ወይም ኮኮናት

ኡዞና የአገር ቤት አረቄ ሽታቸው ጠንካራ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግማሹን በቡና ቢተካው ይሻላል። የነጭ ሽንኩርትና የኮሶ አረቄ ለጣፋጭ አይስማሙም። የሻገተ ወይም የተጨማደደ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ተለቅሞ መጣል አለበት። መቁላት መርዙን አያጠፋውም።

አሠራር

1. ብስኩቱ በሙቀጫ ወይም በመፍጫ ይደቅቃል፤ በወንፊት ይነፋል። ኦቾሎኒው ለብቻው ይፈጫል። አብረው ከተፈጩ የኦቾሎኒው ዘይት ብስኩቱን ያጓጉለዋል።
2. ብስኩቱ፣ ኦቾሎኒው፣ ስኳሩና ካካዎው በደረቁ በደንብ ይደባለቃሉ። ካካዎ አስቀድሞ ካልተበተነ ፈሳሽ ሲነካው እየጠቀለለ ይቀራል።
3. ማሩና አረቄው በአንድ ላይ ተበጥብጠው ቀስ በቀስ ይጨመራሉ። ማሩ ያያይዛል፤ አረቄው ያረጥባል።
4. ልውሱ ተሸፍኖ ለ30 ደቂቃ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ብስኩቱ ፈሳሹን ይመጥጣል። ወዲያው ሲታይ የረጠበ የመሰለው ሊጥ ከዕረፍቱ በኋላ ይጠነክራል።
5. ትንሽ ተቆንጥሮ በጭብጥ ሲጨመቅ የሚያያዝ ከሆነ ደርሷል። ከተፈረፈረ አንድ ማንኪያ ማር፣ ከተጣበቀ ጥቂት ብስኩት ይጨመርበታል።
6. በግምት 20 ግራም የሚመዝኑ ኳሶች ይድቦለቦሉና በማልበሻው ላይ ይንከባለላሉ።
7. በሚገጥም ዕቃ ተከድነው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያሉ። በመጀመሪያው ቀን የአረቄው ማቃጠል ጎልቶ ይሰማል፤ በኋላ ግን ከካካዎው ጋር ይዋሐዳል።

ከብስኩቱ 100 ግራም ያህሉን በበሶ መተካት ይቻላል። በሶ ከብስኩት የበለጠ ፈሳሽ ስለሚመጥጥ ዕረፍቱ ወደ አንድ ሰዓት ይረዝማል።

በክሬም የሚሠራው ዓይነት

ሁለተኛው ዓይነት ብስኩት የለውም። 100 ሚሊ ሊትር ክሬም እስኪፈላ ይሞቅና በ200 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት ላይ ይፈስሳል። ቸኮሌቱ ሲሟሟ ተማስሎ ለብ ካለ በኋላ 30 ሚሊ ሊትር መጠጥ ይጨመራል። ሲጠነክር በማንኪያ እየተቆረጠ ይድቦለቦላል።

መጠጥ ለብቻው በቀለጠ ቸኮሌት ላይ ሲንጠባጠብ ቸኮሌቱ ወዲያው ይጓጉላል። ምክንያቱም በመጠጡ ያለው ጥቂት ውኃ የስኳሩንና የካካዎውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ክሬሙ አስቀድሞ በቂ ውኃ ስላለው ግን ይህ ችግር አይደርስም።

የካካዎ ቅባት በ34 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለችው ንፋስ መውጫ የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቸኮሌቱን ያለ ፍሪጅ ሊያጠነክረው ይችላል። ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ግን የብስኩቱ ዓይነት ይመረጣል።

የአልኮሉ መጠን

ብዙ ሰው በጣፋጭ ውስጥ የገባ መጠጥ ተኖ የጠፋ ይመስለዋል። ይህ ለተጋገረ ምግብም ቢሆን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። መጠጥ በፈላ ምግብ ላይ ተጨምሮ ወዲያው ከእሳት ቢወርድ እንኳ ከአልኮሉ 85 በመቶ ያህሉ ይቀራል። የአረቄ ኳስ ደግሞ ጨርሶ እሳት አይነካውም። ስለዚህ የገባው አልኮል ከሞላ ጎደል ሁሉም በውስጡ ይገኛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ መጠጥ 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። ይህም በክብደት 19 ግራም ገደማ ነው። ለ30 ኳስ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.6 ግራም ይደርሳል። ዳግም አረቄ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የወጣው፣ ወደ 45 በመቶ ስለሚጠጋ ለአንድ ኳስ 0.7 ግራም ይሰጣል። በብዙ አገሮች አንድ መለኪያ መጠጥ 10 ግራም አልኮል ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ መሠረት 16 ኳስ የበላ ሰው አንድ መለኪያ እንደ ጠጣ ነው።

መጠኑ ለአዋቂ አነስተኛ ቢሆንም ኳሱ ሲታይ የልጆች ከረሜላ ይመስላል። ሰውነታቸው ትንሽ በመሆኑ ጥቂት ኳሶች ለሕፃናት ብዙ ናቸው። እርጉዝ ሴት፣ መጠጥ ያቆመ ሰው፣ ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ፣ እንዲሁም በሃይማኖቱ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ሳያውቁ ሊበሉት አይገባም።

የአረቄው ደኅንነት

በቤት የሚወጣ አረቄ ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል፣ በጎንደርና በጎጃም ብዙ ጊዜ ከዳጉሳ ተደፍድፎ ይሠራል። ድፍድፉ በእሳት ሲሞቅ እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ በውኃ በሚቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል በ65 ዲግሪ ገደማ፣ የሚጠጣው ኤታኖል ደግሞ በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። ከፍተኛው አደጋ የሚመጣው ግን መጠጡ በኢንዱስትሪ አልኮል ሲበረዝ ነው።

ሜታኖል በቅምሻም ሆነ በሽታ አይለይም፤ ስኳርና ካካዎም አያጠፉትም። ራስ ምታት፣ ማስመለስና የዓይን መደብዘዝ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሊጀምሩ ይችላሉ። ዓይነ ስውርነትና ሞትም ሊከተል ይችላል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ለስጦታ በሚሠራ ጣፋጭ ውስጥ ምንጩ የማይታወቅ አረቄ አይገባም፤ ታሽጎ የሚሸጥ የፋብሪካ መጠጥ ይመረጣል።

ባለ 40 በመቶ መጠጥ በ26 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ የሚቀጣጠል ትነት መስጠት ይጀምራል። በመሆኑም ከከሰል ምድጃና ከሻማ ርቆ መለካት ይኖርበታል።

ጾምና በዓል

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይቆያል። ስጦታው ከበዓሉ በፊት የሚደርስ ከሆነ የክሬሙ ዓይነት የፍስክ መሆኑ መታወቅ አለበት። የብስኩቱ ዓይነትም ቢሆን ብስኩቱ ውስጥ ቅቤ ወይም የወተት ዱቄት ካለ የፍስክ ነው፤ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል። በጾም መጠጥ የማይቀምሱ ሰዎችም ብዙ ስለሆኑ ኳሱን ከበዓሉ ዕለት ወዲህ መስጠት ይመረጣል።

ለስጦታ ማዘጋጀትና ማቆየት

ኳሶቹ በካርቶን ሣጥን፣ በቆርቆሮ ወይም ክዳን ባለው ሙዳይ ሊሰጡ ይችላሉ። ስንደዶ ቅባትና ሽታ ስለሚስብ ሙዳዩ አስቀድሞ ቅባት በማያሳልፍ ወረቀት ይለበጣል። ኳሶቹ እንዳይጣበቁ በየደርቡ መካከል ወረቀት ይገባል።

በሣጥኑ ላይ ቢያንስ አራት ነገሮች ይጻፋሉ፦ አልኮል እንዳለው፣ ኦቾሎኒ እንዳለው፣ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑ፣ የተሠራበት ቀን። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው በጥቂቱም ሊታመም ይችላል።

የብስኩቱ ዓይነት በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። የክሬሙ ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ሳምንት ውስጥ መበላት አለበት። ብስኩቱን የሚያቆየው አረቄው አይደለም። ከጠቅላላው ክብደት አልኮሉ 3 በመቶ ብቻ በመሆኑ ተሕዋስያንን ለመግታት አይበቃም። የሚያቆየው የስኳሩና የማሩ ብዛት እንዲሁም የውኃው ማነስ ነው።

ያለ አልኮል

ልጆች ላሉበት ቤት አረቄው በቀዘቀዘ ወፍራም ቡና ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይተካል። እንዲህ ዓይነቱ ኳስ በፍሪጅ ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላል። በጠርሙስ የሚሸጠው የሩም ቃና በራሱ በአልኮል የተሟሟ ሊሆን ስለሚችል መግለጫው መታየት አለበት። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ቀን ከተሠራ ባለ አልኮሉ በካካዎ፣ የልጆቹ በነጭ ኮኮናት ቢለበስ በዓይን ይለያሉ።

በተጨማሪ ይዩ

በሶ፣ ጭኮ፣ አረቄ፣ ካካዎ፣ ገና፣ ጋይንት